ዲኤክሷ ደጀን ሳትደርስ የቀረችው ለምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እየተመለሰ ነበር። መኪናው ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ እኔም እሱም ከመወለዳችን በፊት የተሠራች። ኮፈኗ ሲከፈት ግን ሌላ ጉድ ነው። ከውጭ የመጣ፣ ያገለገለ ባለ 2 ሊትር የቱርቦ ሞተር ተቀምጦባታል። ጎሐ ጽዮንን አልፎ የዓባይን በረሃ ወረደ። ድልድዩን ተሻገረና የደጀንን ዳገት በ3ኛ ማርሽ ተያያዘው። ትንሽ እንደሄደ ከኮፈኑ ሥር ሽምብራ ምጣድ ላይ ሲቆላ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። (ራሱ ነው የነገረኝ። እኔም ብሆን ያንኑ ሳላደርግ አልቀርም።) ጥቂት ኪሎ ሜትር ቆይቶ ጭስ፣ ከዚያ ዝምታ።

ዲኤክሷ ባሕር ዳር የገባችው አይሱዙ ላይ ተጭና ነው። ሞተሩ ሲወርድ አንዱ ፒስተን ጫፉ ቀልጦ፣ ፋሻ የሚባለው ቀለበቱ ተሰባብሮ ተገኘ።

ፒስተን መቅለጡ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ይቺው መኪና ባሕር ዳር ውስጥ ስድስት ወር ስትነዳ አንድም ቀን አላንኳኳችም። ያው ሞተር፣ ያው ቱርቦ፣ ያው ኮምፒውተር። ታዲያ እዚያ ዳገት ላይ ምን ነካት?

ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ማቆየትና ማሻሻል የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። አቅም ያለው ኤሌክትሪክ ገዛ። የቀረው በእጁ ያለችውን አሳምሮ ይነዳል። ከጋራዥ ጋራዥ ስትሄዱ የምትሰሙት ወሬም ተቀይሯል። ድሮ ስለ ካርቦራቶር የሚጨቃጨቁ ልጆች ዛሬ ላፕቶፕ ይዘው ስለ ማፕ ያወራሉ። ጥሩ ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ብዙው ብር የሚፈሰው ተገቢ ያልሆነ ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ወደ ዳገቱ እንመለስ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ እኛ ጋ 82 ገደማ። ስለዚህ ቱርቦ የሌላት መኪና እዚህ ስትነዳ ከጉልበቷ አንድ አምስተኛ ያህሉን ገና ሳትነሳ አጥታዋለች። ቱርቦ እዚህ አገር የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል።

አሁን ነገሩ ይመጣል። ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፈው የቱርቦ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የጓደኛዬ ቱርቦ ግፊቱን የሚገድበው ዌስትጌት በሚባለው በር ላይ ባለ ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ 0.7 ባር፣ ማለትም 70 ኪሎ ፓስካል ላይ ይከፈታል። ስፕሪንግ ስለ ከፍታ የሚያውቀው ነገር የለም። ባሕር ዳር ላይ 82 ሲደመር 70፣ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው 152 ኪሎ ፓስካል ነው። የዓባይ በረሃ ግርጌ ግን 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ የውጭው ግፊት 89 ይደርሳል። 89 ሲደመር 70፣ 159። ጌጁ ሁለቱም ቦታ 0.7 ይላል። ሞተሩ ግን የሚበላው ሌላ ነው።

ሰባት ኪሎ ፓስካል ብቻውን ፒስተን አያቀልጥም። ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚያስብ ስታዩ ግን ነገሩ ይገባችኋል። የሞተር ኮምፒውተር፣ ኢሲዩ የምንለው፣ በውስጡ ሠንጠረዥ አለው። በአንድ ጎን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ጎን የማኒፎልዱ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ፣ ግፊት። በእያንዳንዷ ሣጥን ውስጥ ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል ቤንዚን ርጭ፣ ካንዴላውን በዚህ ዲግሪ ለኩስ የሚል። ማፕ ማለት ይኸው ነው። ቲዩን የሚያደርገው ሰው መኪናዋን እየነዳ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ያስተካክላል። ባሕር ዳር ላይ የነዳ ሰው ደግሞ ሊደርስ የሚችለው 150 ገደማ ድረስ ነው። የ160ው ረድፍ ሳይሞከር ይቀራል። ወይ ከጎኑ ካለው ረድፍ ተቀድቷል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ሲገዛ የነበረው ቁጥር ነው። ዲኤክሷ ያን ዕለት መጀመሪያ የገባችው ማንም ገብቶበት ወደማያውቅ ረድፍ ነው።

ሌላም አለ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። በብስክሌትና በባጃጅ መሃል ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጦ ስንት ሰከንድ መቆየት ይቻላል? አምስት? የደጀን ዳገት ላይ ግን ለደቂቃዎች ያለ ፋታ ይረገጣል። በረሃው ይሞቃል፣ ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ይሞቃል፣ የሚገባው አየር ይሞቃል። ሞቃት አየር ደግሞ ቤንዚኑን ከካንዴላው በፊት ወይም ከካንዴላው ውጭ በራሱ እንዲፈነዳ ይገፋፋዋል። ያ የሽምብራ ቆሎ ድምፅ እሱ ነው። መካኒኮች ሞተሩ ያንኳኳል ይላሉ። በትንሽ ጉልበት ሲሆን አይጎዳም። በቱርቦ ግፊት ሲሆን ግን ፒስተኑን እንደ መዶሻ ነው የሚቀጠቅጠው።

ሦስተኛው ጉዳይ ቤንዚኑ ነው። እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ ጓደኛዬ ሲጠየቅ ዓይኑን የሰበረው እዚያ ላይ ነበርና።

እንግዲህ ምርጫዎቹ ምንድን ናቸው? ከፋብሪካው ቱርቦ ኖሯት የመጣች መኪና ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ምርጫ አለመንካት ነው። ይህን ስል ቅር የሚለው አለ። ግን ጉልበት የላትም ተብላ ጋራዥ ከምትገባ መኪና ብዙዋ ችግሯ ኮምፒውተር አይደለም። የኢንተርኩለር ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ያፈሳል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። ካንዴላው አልቋል። ማታ ማታ በጣና ዳር የሚርመሰመሱት ትንኞች ራዲያተሩ ፊት ለፊት ደርቀው ሌላ ግድግዳ ሠርተዋል። እነዚህን ሳያጸዱ ማፕ መቀየር በሚያፈስ ባልዲ ላይ ቧንቧውን ከፍ አድርጎ እንደ መክፈት ነው። የፋብሪካው ኮምፒውተር ደግሞ የማንኳኳት ሴንሰር አለው፤ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰምቶ ራሱ እሳቱን ያዘገያል። በጓደኛዬ ዲኤክስ ላይ ይህ ጆሮ ተገጥሞ አልነበረም።

ሁለተኛው ሪፍላሽ የሚባለው ነው። ሣጥኑ ያው፣ ውስጡ ያለው ማፕ ግን ይቀየራል። በቅርብ ዓመታት ለተሠሩ መኪናዎች ከሁሉ የተሻለው መንገድ እሱ ነው። ኤሲው ይሠራል፣ ቁልፉ ይሠራል፣ ማርሹም ከሞተሩ ጋር እንደተግባባ ይቀጥላል። ችግሩ የሚጻፈው ፋይል ከየት መጣ የሚለው ነው። በቴሌግራም ስቴጅ 1 እየተባለ የሚሸጥ ፋይል አለ። አውሮፓ ውስጥ፣ ለባሕር ጠለል ከፍታ፣ ለ95 ወይም ለ98 ኦክቴን ቤንዚን የተሠራ ነው፤ ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ በራሱ ሳይፈነዳ የሚታገስበት ልክ ነው። ይህ ፋይል ባሕር ዳር ሲደርስ ምን ይሆናል?

እዚህ ጋ ከዲኤክሷ ተቃራኒ የሆነ ነገር ይመጣል። ብዙ ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ግፊትን የሚያስቡት እንደ ስፕሪንጉ ከውጭ አየር በላይ ስንት ብለው አይደለም፤ በጠቅላላው ስንት ብለው ነው። ፋይሉ 200 ኪሎ ፓስካል አምጣ ብሎ ካዘዘ ኮምፒውተሩ 200 እስኪያገኝ ድረስ ቱርቦውን ያሯሩጠዋል። ባሕር ጠለል ላይ ይህ አየሩን ሁለት እጥፍ መጭመቅ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን 82ን ወደ 200 ማድረስ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ዓባይን ተሻግሮ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለው ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቱርቦው ከተሠራለት ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ የሚወጣው አየር ይግላል፣ ዘይቱ ይቃጠላል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ከፍታ ላይ ግፊቱን የሚቀንስ ገደብ በውስጡ አስቀምጧል። ርካሽ ፋይል የሚሠራው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ገደብ ነው። መኪናዋ ለአንድ ወር ትበራለች። ከዚያ ቱርቦው ማፏጨት ይጀምራል።

ሪፍላሽ የሚያደርግ ሰው ጥሩ መሆኑን የማውቅበት የራሴ መለኪያ አለኝ። የመጀመሪያውን ማፕ አንብቦ፣ ለባለቤቱ በፍላሽ ሳይሰጥ አዲሱን አይጽፍም። ባትሪው ላይ ቻርጀር ሳያስር አይጀምርም። በጽሕፈቱ መሃል ባትሪው ከደከመ ወይም መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ከጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሞቶ ሊቀር ይችላል። መብራት መቼ እንደሚሄድ ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ ማን ያውቃል?

ስለ ቲዩኒንግ ቦክስ ብዙ አልልም። ከሴንሰሩና ከኮምፒውተሩ መሃል ገብታ የምትዋሽ ትንሽ ሣጥን ናት። በናፍጣ መኪና ላይ የነዳጁ ግፊት ዝቅ ብሏል ብላ ትዋሻለች፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ግፊቱን ይጨምራል። ነቅሎ መጣል ቀላል መሆኑ ነው ጥቅሟ። የሚዋሽ ሰው መሃል ባለበት ቤት ውስጥ ግን ጠብ ሲነሳ ማን ትክክል እንደሆነ አይታወቅም። ቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ የሚሆነውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር። ስታንድአሎን ይሉታል። የፋብሪካውን አውጥቶ ሙሉ በሙሉ በሌላ መተካት ነው። ለዲኤክሷ ሌላ አማራጭ አልነበራትም። እንዲህ ያሉ ያገለገሉ ሞተሮች ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሽቦአቸው ከሥር ተቆርጦ፣ ያለ ኮምፒውተር ነው። በዓለም ገበያ ስማቸው የታወቀ አሉ፤ የአውስትራሊያዎቹ ሞቴክና ሃልቴክ፣ የኒውዚላንዱ ሊንክ፣ የፖላንዱ ኢኩማስተር፣ የስዊድኑ ማክስኢሲዩ። በእጅ የሚገጣጠሙም አሉ። ሜጋስኩዊርት የቆየው ነው። ስፒዱዊኖ የሚባለው ደግሞ አርዱዊኖ በሚባል አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የተሠራ ነው። ንድፉም ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው።

ልጆቹ ሲመርጡ የሚያዩት ስምና ዋጋ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ማፕ ነገ የሚከፍተው ማነው? ጓደኛዬ ኮምፒውተሩን በሰው ሻንጣ ከውጭ አስመጣ። የገጠመለት ጋራዥ በይለፍ ቃል ቆለፈው። ሞተሩ ከቀለጠ በኋላ ማፑን እንይ ሲባል የገጠመው ልጅ ስልክ አያነሳም። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ሣጥን ለሌላ ሰው የማይከፈት ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ነው ውዱ ሁልጊዜ ተመራጭ ነው ብዬ የማላምነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ውስጥ አርዱዊኖ እንደ ጨዋታ የሚነካካ ተማሪ ሞልቷል። ግቢው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ከተማዋን በቴክኒሻን ሲመግብ ኖሯል። ለቀላል ግፊት፣ ለእሑድ መኪና፣ ክፍት የሆነና አጠገባችን ያለ ሰው የሚረዳው ኮምፒውተር ይበልጥብኛል። ለዕለት መንገድና ለረጅም ጉዞ ከሆነ ግን የማንኳኳት ሴንሰር የሚቀበል፣ የውጭውን አየር ግፊት ለብቻ የሚለካ፣ ነዳጅ ሲያንስ ሞተሩን ራሱ የሚቆርጥ መሆን አለበት። ዋጋው የሚጨምረው ለእነዚህ ከሆነ ይከፈል።

የቤንዚን ሞተር ያለ ጫና ሲሄድ 14.7 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ቤንዚን ይበቃዋል። በቱርቦ ግፊት ሲሆን ግን ወደ 12 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ትርፉ ቤንዚን የሚገባው ለማቀዝቀዝ ነው። ይህን ለማየት ዋይድባንድ የሚባለው የጭስ ሴንሰር ያስፈልጋል። ያለ እሱ ቲዩን ማድረግ ዓይን ጨፍኖ ወጥ ላይ ጨው እንደ መነስነስ ነው። ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተርና የቤንዚን ፖምፓውም ለአዲሱ ጉልበት መብቃት አለባቸው። ኢንጀክተር ከጊዜው 85 በመቶ በላይ ክፍት ሆኖ እየሠራ ከሆነ መጠባበቂያ የለውም ማለት ነው።

ዋይድባንድ ግን የማያየው ነገር አለ፤ የቤንዚኑን ጥራት። ወረፋው ሲረዝም ከመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚቀዳውን ቤንዚን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ የአየርና የነዳጁ ልክ ጌጁ ላይ ያማረ ሆኖ ይታያል። ኦክቴኑ ግን ወርዷል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ለዚህ የሚረዳው ጆሮ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ የመዳብ ቱቦ ጫፉን ጠፍጥፎ፣ በስቶ፣ ሞተሩ ላይ በብሎን ያስራል። ከቱቦው የላስቲክ ጎማ ወደ ጋቢናው አስገብቶ ከጆሮ ማፈኛ ጋር አገናኝቶታል። ቲዩን ሲያደርግ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። መሣሪያው ያስቃል፤ የሚሰማው ግን እውነት ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቤንዚን ነው። እውነቱን ለመናገር በጎጃም መንገድ ላይ የምታዩት ቱርቦ አብዛኛው የናፍጣ ነው፤ ሃይሉክስ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ። እዚያ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። ቤንዚን ላይ ነዳጅ ሲጨመር ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ናፍጣ ላይ ነዳጅ ሲጨመር ይግላል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ናፍጣ መጨመር ጥቁር ጭስና እሳት ነው። ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት የሚመስላቸው አሉ፤ ያልተቃጠለ ገንዘብ ነው።

በተለይ ስለ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አንድ ነገር ልበል። 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ሞተሩ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተርም የለውም። ነዳጁን የሚለካው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ሰዎች ቱርቦ ይጭኑበታል፤ ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የሞተሩ ኮምፕሬሽን፣ አየሩን የሚጨምቅበት ልክ፣ 22.4 ለ 1 ነው፤ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ። ግፊቱ ዝቅ ብሎ የጠፋውን የባሕር ጠለል አየር መመለስ ብቻ ቢሆን ይበቃል፤ ቢበዛም ከ0.5 ባር ብዙ ማለፍ የለበትም። ማፕ የለውምና የሚያስፈልገው የጭስ ሙቀት ጌጅ ነው። ከቱርቦው በፊት ከ700 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፖምፓውን በብሎን ነካ አድርጌ ጨመርኩልህ የሚል መካኒክ ጌጅ ካልገጠመ፣ ጋሼ በርታ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ እንደተወህ ቁጠረው።

አንድ ሌላ የማይወራ ጣጣም አለ፤ ሊብሬው። ሞተር ሲቀየር የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ቦሎ ለማውጣት ስትሄዱ ሙሉ ቀን ይበላችኋል። ከመግጠማችሁ በፊት የሞተሩን የጉምሩክ ወረቀት ያዙ።

የጓደኛዬ ዲኤክስ ዘንድሮ ተነስታለች። ስፕሪንጉ ወደ 0.5 ባር ወረደ፣ የማንኳኳት ሴንሰር ተገጠመ፣ የተቆለፈው ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካው ቁጥር ተመልሶ ከዜሮ ተጀመረ። አዲሱ ቲዩነር መጀመሪያ ባሕር ዳር ዙሪያ ሠራት። ቀጥሎ በረሃው ሳይወርዱ አልጨርስም አለ። መንገዱ ደህና በሆነ አንድ ሳምንት ጎህ ሲቀድ ወጡ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ድልድዩ ጋ ቆምን። ላፕቶፑን ከፈተ፣ የ160ውን ረድፍ አየው፣ የመዳቧን ቱቦ ጆሮው ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞሮ፦

«ቤንዚኑን ግን ከየት ነው የቀዳኸው?» አለው።

ጓደኛዬ አልመለሰም። ከእግሬ ሥር ያለችውን ቢጫ ጀሪካን በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኋት።